የቻይና ባህላዊ ሕክምና ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ ዕፅ እንዴት አጠናችሁት?

ሕይወት_ቼንግዱ

ሰላም ለሁላችሁ። ቼንግዱ ከተማ የቻይና ባህላዊ ሕክምና እየተማርኩ ነው። ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ትምህርቱም በቻይንኛ ነው። ዘንድሮ የመድኃኒት ዕፀዋት ኮርስ ጀመርን። መጽሐፉ ውስጥ ከ400 በላይ መድኃኒት አለ። የእያንዳንዱን ስም፣ ጣዕም፣ ጠባይ፣ የትኛውን የአካል መስመር እንደሚይዝ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ግራም እንደሚሰጥና ለማን እንደሚከለከል ማወቅ ግድ ነው።

የቸገረኝ መምታታቱ ነው። ባይ ጁና ጻንግ ጁን ውሰዱ። ሁለቱም ከመሬት በታች ያለው የተክሉ ክፍል ናቸው። ሁለቱም ሙቀት ሰጪ ይባላሉ። ሁለቱም ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ እርጥበት ያደርቃሉ ይባላል። ማታ ለይቻቸው እተኛለሁ፣ ጠዋት አንድ ሆነው ይጠብቁኛል። እናንተ እንዴት አለፋችሁት?

ሌላም አለ። ገና ተማሪ መሆኔን እየነገርኳቸው ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይደውላል። አንዱ ለሪህ፣ አንዷ ለክብደት መቀነሻ፣ ሌላው ለእናቱ ደም ግፊት ላኪልኝ ይላል። እምቢ ስል "ኮራሽ" እባላለሁ። ለዚህስ ምን ትመልሳላችሁ?

አምስተኛ_ዓመት

እህቴ አይዞሽ። ናንጂንግ ነው የምማረው፣ አሁን ሆስፒታል ልምምድ ላይ ነኝ። ሁላችንም እዚያ ጭንቀት ውስጥ አልፈናል።

ከልምዴ የምነግርሽ፣ ዕፆቹን በመጽሐፉ ተራ እየሸመደድሽ አትቀጥዪ። ከቅምር ተነስተሽ ወደ ዕፁ ሂጂ። ቅምር የምለው አብረው የሚፈሉትን ስብስብ ነው። ዕፅ ለብቻው ሲጠና ደረቅ ዝርዝር ነው። ቅምር ውስጥ ሲገባ ሥራ ይኖረዋል፣ ሥራ ያለውን ነገር ደግሞ አእምሮ አይጥልም።

በጉይ ጅ ታንግ ጀምሪ። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ጃንግ ጆንግጂንግ የጻፈው ነው። አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ የቀረፋ ዛፍ ቀንበጥ፣ ባይ ሻኦ የሚባለው የፒዮኒ ሥር፣ እርጥብ ዝንጅብል፣ የእኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነው ቀይ ፍሬ ዳ ዛኦ፣ እና የታመሰ ጋን ጻኦ፣ ያ ጣፋጩ ሥር። ቀረፋው ንጉሥ ነው፤ ያሞቃል፣ ወደ ውጭ ይገፋል። ባይ ሻኦ ሚኒስትሩ ነው፤ ይሰበስባል፣ እንዳይፈስ ይይዛል። ዝንጅብሉ ቀረፋውን ያግዛል፣ ዳ ዛኦ ባይ ሻኦን ያግዛል። ጋን ጻኦ ሁሉንም ያስማማል። የሚሰጠው ብርድ መትቶት፣ ትኩሳት ይዞት፣ ነፋስ ለጠላና ላብ ላብ ለሚለው ሰው ነው።

ያው ሰው ብርድ መትቶት ላብ እምቢ ቢለው፣ ቢያንቀጠቅጠውና አጥንቱን ቢቆረጥመው መንገዱ ሌላ ነው። ያኔ ማ ኋንግ ታንግ ነው የሚታሰበው። አየሽ፣ ሁለቱን ቅምሮች የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ላብ አለ ወይስ የለም? ይህን ከያዝሽ ሰባት ዕፅ በቃልሽ ልትይዢ ምንም አልቀረሽ። በነገራችን ላይ የማ ኋንግ ግንዱ ላብ ያመጣል ይባላል፣ ሥሩ ግን ላብ ለማቆም ነው የሚሰጠው። ያው አንድ ተክል!

መጠንም እንደዚሁ ነው። ጉይ ጅ ታንግ ውስጥ ያለውን ባይ ሻኦ እጥፍ አድርጊና ከብቅል ጋር የሚሠራውን ጣፋጭ ሽሮፕ ጨምሪበት። ስሙ ሺያው ጂየን ጆንግ ታንግ ይሆናል፣ ሥራውም ከጉንፋን ወደ ሆድ ቁርጠት ይሄዳል። ግራም የሚሸመደደው ለፈተና ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱን መድኃኒት የሚያደርገው እሱ ነው።

አወሳሰዱንም አብረሽ አጥኚ። ጃንግ ጆንግጂንግ ጉይ ጅ ታንግ የጠጣ ሰው ወዲያው ትኩስ ቀጭን የሩዝ አጥሚት ይጠጣ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሸፈን፣ ገላው ሁሉ በስሱ ያልበው እንጂ ላብ አይንጠብጠብ ይላል። ቅባት፣ አልኮል፣ ጥሬና ቀዝቃዛ ነገርም ይከለክላል። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሐኪሙ በሽተኛው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ለባይ ጁና ጻንግ ጁ ደግሞ ልዩነታቸውን ያዢ። ባይ ጁ ያጠነክራል፣ ላብ ይይዛል። ጻንግ ጁ ይበትናል፣ ላብ ያወጣል፣ ሽታውም ይከረፋል። መድኃኒት ቤት ገብተሽ ሁለቱን በእጅሽ ይዘሽ አሽቺያቸው። ጻንግ ጁ ሲቆረጥ ውስጡ ቀያይ የዘይት ነጠብጣብ አለው። አንዴ ካየሽው አይጠፋሽም።

ዳማከሴ

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ግን ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ነው። ብርድ መታው፣ ላብ አለው የለውም የሚለው አያቴን አስታወሰኝ። እሷም ምች የመታውን ሰው ዝም ብላ ዳማከሴ አትጨምቅለትም ነበር። መጀመሪያ ትጠይቃለች። ፀሐይ ላይ ነበርክ? ምን በላህ? ራስህን ነው ወይስ ሆድህን? ከዚያ ነው እንግዲህ ወደ ጓሮ የምትወጣው። የቻይናው "ነፋስና ብርድ" እና የእኛ ምች አንድ ይሆኑ ይሆን?

አምስተኛ_ዓመት

@ዳማከሴ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን አንድ ናቸው ለማለት አልደፍርም። የቻይናው ምርመራ የራሱ አካሄድ አለው። ምላስ ይታያል፦ ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ በላዩ ያለው ሽፋን። የልብ ትርታ በሁለቱም እጅ አንጓ፣ በሦስት በሦስት ቦታ ይዳሰሳል። የምች አዋቂ ደግሞ የራሷ ምልክቶች አሏት። አንዱን በሌላው ስም ከጠራነው ሁለቱንም እናጣለን። የአያትህን ጥያቄዎች ግን ጻፋቸው እባክህ። ሳይጻፍ የቀረ ብዙ ዕውቀት አለን።

ኤልኤ_ተለማማጅ

ሰላም ሕይወት። እኔ ካሊፎርኒያ ነኝ። እዚህ የአኩፓንቸርና የዕፀዋት ትምህርት አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 3,000 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። ከዚያ ውስጥ 950ው ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ ቆመሽ ታያለሽ፣ ቀጥሎ ታግዣለሽ፣ በመጨረሻ አንቺ ትመረምሪያለሽ። ግን እስከ ምረቃ ድረስ ያለ አስተማሪሽ ፊርማ አንዲት ግራም አትወጣም።

አምስተኛ ዓመት ያለው ላይ የምጨምረው ክሊኒክ የሚያስተምረውን ነው። ሁለት ሰዎች እንቅልፍ አጣን ብለው ይመጣሉ። አንዷ ፊቷ ገርጥቷል፣ ምግብ አይበላላትም፣ ሐሳብ ይበዛባታል፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ምላሷ ነጣ ያለ ነው። ሌላው ማታ ማታ ሙቀት ይሰማዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሲተኛ ያልበዋል፣ ምላሱ ቀይ ሆኖ ሽፋኑ ስስ ነው። ለመጀመሪያዋ ጉይ ፒ ታንግ ይታሰባል፣ ለሁለተኛው ቲየን ዋንግ ቡ ሺን ዳን። ቅሬታቸው አንድ፣ ቅምራቸው ሁለት። ለዚህ ነው በስልክ "ለእንቅልፍ ምን አለ?" ለሚል ሰው መልስ የሌለው። መልሱ መደበቁ አይደለም። ሰውየው ሳይታይ መልሱ ራሱ የለም።

እንግዲህ ለዘመዶችሽ እንዲህ በያቸው፦ "ሳላይህ ብሰጥህ የሰጠሁህ መድኃኒት አይሆንም።" ኮራሽ ያለ ይበል።

እኛ ጋ ታካሚ ገና ሲቀመጥ፣ ምላሱን ከማየታችን በፊት የሚጠየቀው የሚወስደው መድኃኒት ነው። የሐኪም ትእዛዝ፣ ቫይታሚን፣ ሻይ፣ ከአገር ቤት የመጣ ዱቄት፣ ሁሉም ይመዘገባል። ሐበሾች በተለይ ኮሶና ጥቁር አዝሙድ እንደሚወስዱ ደጋግመሽ ካልጠየቅሽ አይነግሩሽም፣ መድኃኒት ነው ብለው ስለማያስቡት።

ፋርማሲ_አዲስ

እኔ አዲስ አበባ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ እናቱ ደም ግፊት የደወለው ሰው አሳስቦኛል።

ጋን ጻኦ እጅግ ብዙ የቻይና ቅምሮች ውስጥ አለ። ጣፋጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሰው አይፈራውም። ግን በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም እንዲጥል ያደርጋል። ግፊት ይጨምራል። ብዙ የግፊት ታካሚዎች ደግሞ ሽንት የሚያሸና ክኒን ይወስዳሉ። ከእነዚህ ክኒኖች ውስጥ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ራሳቸው ፖታሲየም ያወርዳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ ዳንግ ጉይና ዳን ሸን ከሚባሉት የቻይና ዕፆች ይጠንቀቅ። የደም ማቅጠኛውን ኃይል እንደሚጨምሩ የታወቀ ነው። የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው ስንት ወጣቶች አሉን። አንድ ከረጢት ሻይ የሚመስል ነገር ደም ሊያስፈስሳቸው ይችላል።

ሕይወት፣ እምቢ በማለትሽ በርቺ።

ውስጥ_ደዌ

በሙያዬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ቅሬታዬን በግልጽ ልናገር። እዚህ ስለ ንጉሥና ሚኒስትር ሲወራ ደስ ይላል፣ ግን ኩላሊቱ የወደቀ ሰው ፊት ይህ ቋንቋ ምን ይሠራል?

ቤልጅየም ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የደረሰውን ታውቃላችሁ? ብራስልስ ባለ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለሴቶች የሚሰጥ ካፕሱል ነበር። ፋንግ ጂ የሚባል የቻይና ሥር ሊገባበት ታስቦ በእሱ ፈንታ ጓንግ ፋንግ ጂ ገባ። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ተክሎቹ ግን ጭራሽ አይዛመዱም። ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ ዲያሊሲስ ወይም ንቅለ ተከላ ላይ ደረሱ፣ በኋላም የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተገኘባቸው። ለክብደት መቀነሻ ላኪልኝ የምትለዋ ዘመድሽ ይህን ትስማ።

አምስተኛ_ዓመት

ዶክተር፣ እናውቀዋለን። እኛ ጋ ክፍል ውስጥ የሚነገር ነው፣ ሊነገርም ይገባል። ነገሩን እንደ ተማሪ ሳየው ሦስት ጥፋት ይታየኛል። ዕፁን የለየ ሰው አልነበረም። ለክብደት መቀነሻ መስጠቱ ከባሕሉ አጠቃቀም ውጭ ነው። ደግሞ ለረጅም ጊዜ፣ ከዘመናዊ መድኃኒቶች ጋር ተደባልቆ ነው የተሰጠው። ግን እዚህ ላይ ለባሕሉ ጥብቅና መቆም አልፈልግም። አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለባቸው ዕፆች ቻይና ውስጥም ለዘመናት አገልግለዋል። ጉዳቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የጥንት ሐኪም ሊያየው አልቻለም። ይህን ያየልን የእርስዎ ሙያ ነው። ጓን ሙ ቶንግ የሚባለው ዕፅም በዚሁ ምክንያት ከቻይና የመድኃኒት መዝገብ ወጥቷል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምን። የላቲን ስሙን አብረን እናጥና። ገበያው የሚጠቀምበት ስም ሁለት ሦስት ተክል ሊሸፍን ይችላል፣ የላቲኑ ግን አንዱን ይጠቁማል። አስተማሪ ባይጠይቅም ማወቁ ግዴታችን ነው።

ውስጥ_ደዌ

በዚህ እንስማማለን። ግን ይህ ሁሉ ቅምር በደንብ ተፈትኗል ወይ? ያልተፈተነ ነገር ለታካሚዬ እንዲሰጥ አልፈቅድም።

ኤልኤ_ተለማማጅ

ዶክተር፣ ሁሉም አልተፈተነም። ይህን ታካሚዎቻችንም ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። የተፈተነው ግን ምን እንዳስገኘ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ1967 እ.ኤ.አ. ቻይና ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ፕሮጀክት 523 ጀመረች። ቱ ዮዮ ጥንታዊ ጽሑፎችን ስታገላብጥ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገ ሆንግ ቺንግ ሃኦ የሚባለውን ዕፅ በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቅና ጠጣ እንዳለ አገኘች። አፍላ አይልም። እሷም ሙቀቱ እያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር አወጣችው። በ1971 እ.ኤ.አ. የተገኘው ውሕድ አይጦች ላይ ያለውን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። እሷና ባልደረቦቿ በራሳቸው ላይ ከሞከሩት በኋላ ነው ወደ ታካሚ የተሄደው። ኖቤሉን በ2015 አገኘች። ኢትዮጵያም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተም ከዚሁ ዕፅ የመጣ ነው።

ውስጥ_ደዌ

ልክ ነው፣ ጋምቤላ ስሠራ ሕፃናትን ሲያነሣ በዓይኔ ያየሁት መድኃኒት ነው። ግን ልብ በይ፣ ያነሣቸው የተመጠነው ክኒን እንጂ ቅጠሉ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የአርቴሚሲያ ሻይን ለወባ አይደግፍም። መጠኑ ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፣ ማነሱ ደግሞ ተውሳኩን ያላምደዋል። አገራችን ያሉት አሪቲና ጭቁኝ የዚሁ ተክል ወገን ናቸው ተብሎ ለወባ እንዲጠጡ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አስቆሙት።

ዳማከሴ

የእኛው እንዶድም እኮ እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አይቶ አልተወውም፣ ላቦራቶሪ ወሰደው። ሕይወት፣ ተምረሽ ስትመጪ የሚጠብቅሽ ሥራ እዚህም ሞልቷል።

ሰላም_ዲሲ

ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ግፊትም ስኳርም አለባት። ጓደኛዋ የሰጠቻት በከረጢት የታሸገ የቻይና ሥራ ሥር አለ፣ እያፈላች ትጠጣለች። "ቀለለኝ" ትላለች። ስሙ በቻይንኛ ብቻ ነው የተጻፈው። አሁን ምን ላድርግ?

ፋርማሲ_አዲስ

ሰላም፣ ለጊዜው ታቁመው። የግፊትና የስኳር ክኒኗን ግን እንዳታቋርጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ቀለለኝ ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ከረጢቱን ከነጽሑፉ ፎቶ አንሥተሽ፣ ራሱንም ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ውሰጂ። ፖታሲየምና ኩላሊቷን በደም ምርመራ ይዩላት። ጡንቻዋ ከዛለ፣ እግሯ ካበጠ ወይም ልቧ ከተዛባ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት።

ኤልኤ_ተለማማጅ

ሰላም፣ አትቆጫት። ከተቆጣሻት ደብቃ ትጠጣለች። ምኑ እንደቀለላት ጠይቂያት። እንቅልፍ ከሆነ፣ የእግር ሕመም ከሆነ፣ ሐኪሟ ያልሰማው ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ዕፅ ከፈለገች ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ትሂድ፣ የክኒኖቿን ዝርዝር ይዛ።

ሕይወት_ቼንግዱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቅምር ማጥናቱን ጀምሬያለሁ፣ በእውነት ይለያል። የቻይና ጓደኞቼ ቅምሮቹን በግጥም ሲያዜሙ እሰማ ነበር፣ አሁን አብሬያቸው ገባሁ። ልክ እንደ ቆሎ ተማሪ ነው፣ ዜማው ቃሉን ይዞት ይመጣል። አብረው የማይሰጡትን ዕፆች፣ "አሥራ ስምንቱ ተቃራኒዎች" የሚሏቸውንም በአራት ስንኝ ያዝኳቸው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እዚህ ሲችዋን ፉ ዚ የሚባለውን ሥር በብዛት ያዛሉ። ጂያንግዮው የሚበቅለው የታወቀ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች የሚጽፉት ግራም መጽሐፋችን ውስጥ ካለው በብዙ ይበልጣል። መርዛማ ነው ተብለን የተማርነውን በዚህ መጠን ሲጻፍ ሳይ ግራ ገባኝ። ከሐኪሙ ሥር ተቀምጬ ትእዛዙን ስገለብጥ ምን ልበል?

አምስተኛ_ዓመት

ጠይቂ። በአክብሮት፣ ታካሚው ከወጣ በኋላ። "መምህር፣ ለዚህ ሰው ይህን ያህል ያዘዙት ምን አይተው ነው?" በዪ። ጥሩ መምህር ትርታውን፣ ምላሱን፣ የእግሩን ቅዝቃዜ እየጠቀሰ ያስረዳሻል።

የመዝገቡ መጠን ከ3 እስከ 15 ግራም ነው፣ እሱም የተዘጋጀው ፉ ዚ እንጂ ጥሬው አይደለም። ውስጡ ያለው አኮኒታይን ልብን በቀጥታ ይመታል፣ የሚሰበረው በረጅም ማፍላት ነው። ስለዚህ ፉ ዚ ከሌሎቹ ቀድሞ ለብቻው ይፈላል፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት፣ መጠኑ ከበዛም ከዚያ በላይ። ባን ሺያ ከሚባለው ዕፅም ጋር አይሄድም የሚለው በያዝሽው ስንኝ ውስጥ አለ።

ወረቀቱ ላይ ግራሙን ብቻ ሳይሆን "ቀድሞ ይፈላ" የሚለው መጻፉንም እዪ። ካልተጻፈ መድኃኒቱ ከመውጣቱ በፊት ለመምህሩ ንገሪ። ታካሚው ቤቱ እንዴት እንደሚያፈላም ራሱ መልሶ ይንገርሽ። ከንፈርና ምላስ ከደነዘዘ መጠጣቱን አቁሞ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ሳትነግሪው አታሰናብቺው።